ለጉንፋን «ሁሉን በአንድ» የሚባል መድኃኒት መግዛት ለምን አያዋጣም፦ በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሐኪም ጋ ሳይሄድ ከመድኃኒት ቤት ምን ምን ገዝቶ እንደሚድን ይመክራል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳርም ሆነ ሞጣ፣ ስልክ የያዘ ሰው ሳያየው የቀረ አይመስልም። የተወደደበት ምክንያት አለው። አጭር ነው፤ አነጋገሩ ለሰው ይቀርባል፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅበት ቀን ለሌለው ገበሬና ነጋዴ ቶሎ የሚያዝ ነገር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ምክሩን እንደወረደ የተከተለ ሰው ጉበቱን፣ ጨጓራውን ወይም ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ አስፈልጓል።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳናጎድል እናስቀምጥ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የአፍንጫ መታፈንና ሳል አብረው ስለሚመጡ ሦስት አራት መድኃኒት በአንድ ፍሬ የያዘ የጉንፋን ክኒን መግዛት ይሻላል ይላሉ። ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ፓራሲታሞል ይጨመርበት፣ ወይም ዲክሎፌናክ ይደረብ፣ የቸኮለም መርፌ ይወጋ ይላሉ። አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ወደ ደረት ሳይወርድ አሞክሲሲሊን ይጀመር ይላሉ። ለልጆች የአዋቂውን ግማሽ መስጠትና እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ ማከል ይበቃል ይላሉ። የአበሻ መድኃኒት ጉዳት ስለሌለው ለሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር ይሰጥ ይላሉ። በመጨረሻም በዚህ ወቅት የሚመጣ ትኩሳት ጉንፋን ስለሆነ አምስት ቀን ሳይሞላው ጤና ተቋም መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ይደመድማሉ።

ትክክል ያሉትን አንነፍጋቸውም። ጉንፋንም ሆነ ኃይለኛው ጉንፋን፣ ማለትም ኢንፍሉዌንዛ፣ በቫይረስ ይመጣል፤ ጤነኛ ሰው በአብዛኛው በራሱ ይድናል። የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው መድኃኒት ቫይረሱን እንደማይገድል፣ ሕመሙን ብቻ እንደሚያስታግስ ጸሐፊው ራሳቸው በሁለተኛው አንቀጽ ጽፈዋል። ትልቁ ጭብጥ ያለው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚያስታግሰው ምልክትን ከሆነ ምርጫውም በምልክቱ መሄድ አለበት፤ ትኩሳት ላለበት የትኩሳት፣ አፍንጫው ለታፈነ የአፍንጫ። ጸሐፊው ግን ይህን ብለው ሲያበቁ የሌለንን ምልክት መድኃኒት ጭምር እንድንውጥ ይመክሩናል።

«ሁሉን በአንድ የያዘው ይሻላል»

የጉንፋን ክኒን ማሸጊያ ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። በፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው፤ ለውሳኔ የሚጠቅመው ግን ከሥር በደቃቅ ፊደል የተደረደረው ነው። የተለመደው ዓይነት ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም፣ ክሎርፌኒራሚን 2 ሚሊ ግራም፣ ፌኒሌፍሪን 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ካፌይን የሚጨመርበትም አለ። እያንዳንዱን ለብቻው እንየው።

ፓራሲታሞሉ ለትኩሳት፣ ለራስ ምታትና ለቁርጥማት በእርግጥ ይሠራል። ክሎርፌኒራሚን ንፍጥና ማስነጠስን ትንሽ ይቀንሳል፤ በምላሹ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። አፍንጫው እንደ ውኃ የሚፈስ ሰው ማታ ቢወስደው ጥቂት ይረፍ ይሆናል፤ አክታው ወፍሮ ደረቱ ላይ የያዘው ሰው ግን ይባስ ይደርቅበታል። ፕሮስቴታቸው ያበጠባቸው አባቶች ሽንታቸው ሊቋረጥባቸው ይችላል፤ የዓይን ግፊት ያለበትም ሰው ሊርቀው ይገባል። ባጃጅ ለሚነዳና ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን ጠመዝማዛ ለሚወርድ ሾፌር ይህን ክኒን ጠዋት ውሰድ ብሎ መምከር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ፌኒሌፍሪን ያበጠውን የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ይቀንሳል ተብሎ የገባ ነው። በጠብታ ወይም በርጭት መልክ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ይሠራል። ሲዋጥ ግን አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይደርስ አንጀትና ጉበት ላይ ይሰባበራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የሚዋጠው ፌኒሌፍሪን በተለመደው መጠን አፍንጫ አይከፍትም ሲሉ በሙሉ ድምፅ ወስነዋል፤ ባለሥልጣኑም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ካለ ማዘዣ ከሚሸጡ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። በፌኒሌፍሪን ፋንታ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ክኒን ይሠራል፤ ነገር ግን ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግፊት ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። ካፌይኑንስ ቢሆን እቤታችን ከሚፈላው ቡና እናገኘዋለን።

እንግዲህ ለአራት መድኃኒት ተከፍሎ ለብዙው ሰው የሚጠቅመው አንዱ ነው፤ እሱም ለብቻው በርካሽ ይሸጣል።

የገንዘቡ ነገር ግን ቀላሉ ነው። የበለጠ የሚያሳስበው ጸሐፊው «ካልተሻለዎት ፓራሲታሞል ይጨምሩበት» ማለታቸው ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሰው የጉንፋኑን ክኒን ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ወሰደ እንበል። 6 ፍሬ በ500 ሲባዛ 3,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ነው። ራሱን ስላመመው ደግሞ ነጩን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት በቀን ሦስት ጊዜ ጨመረበት፤ ሌላ 3,000። ድምሩ 6,000 ሚሊ ግራም ሆነ። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው የመጨረሻው መጠን 4,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 8 ፍሬ ነው። ሰውየው ራሱን «ሁለት የተለያየ መድኃኒት ወሰድኩ» ብሎ ያምናል፤ ጉበቱ ግን ያንኑ አንድ መድኃኒት እጥፍ ድርብ ተቀብሏል።

በዚህ ላይ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ምንም የማይሰማውም አለ። የጉበቱ ጉዳት ብቅ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ሕመም፣ ከዚያም የዓይን ቢጫ መሆን ይከተላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን የሚባል መድኃኒት ነው፤ እጅግ የሚጠቅመው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ መውሰዱን ያወቀ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ የወሰደውን ማሸጊያ ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እንተውላቸው። ትኩሳትም ንፍጥም ያለበት፣ ሌላ በሽታ የሌለበት፣ ሌላ ፓራሲታሞል ያለበት ነገር የማይወስድ አዋቂ የጉንፋኑን ክኒን ማታ ሲተኛ ቢወስድ አልተሳሳተም። ስሕተቱ ይህን ለሁሉም ሰው፣ በየስድስት ሰዓቱ ማድረጉ ላይ ነው።

«ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ዲክሎፌናክ ይደረብ፤ መርፌ ይፈጥናል»

በመጀመሪያ አልወረደም የሚባለው መቼ ነው? ፓራሲታሞል ከተዋጠ በኋላ ሥራውን የሚጀምረው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ይቆያል። 39 የነበረው 38 ሆኖ ሰውየው ውኃ ከጠጣ፣ ጎኑን ካሳረፈ መድኃኒቱ ሠርቷል። ትኩሳቱ ጨርሶ ይጥፋ ብሎ በየሁለት ሰዓቱ መደራረብ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ባለ 500፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ለከሳ ወይም ሰንበት ላለ በሽተኛ አንድ አንድ ፍሬ ይበቃል። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ወይም የጉበት በሽታ ያለበት ሰው በባለሙያ ምክር ካልሆነ በቀን ከ4 ፍሬ ማለፍ የለበትም።

ሁለተኛ የሚደረብ ካስፈለገ አይቡፕሮፌን ይቀድማል፤ 200 ወይም 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከ1,200 ሳያልፍ፣ ከምግብ በኋላ። ዲክሎፌናክም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጨጓራ ይልጣል፣ ኩላሊት ይጫናል፣ የልብ በሽታ ያለበትን ይበልጥ ያሰጋል። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። ጽሑፉ «ከምግብ በኋላ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አላነሳም። እኛ ጋ ይህ ቃል ወሳኝ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ዲክሎፌናክ ቢውጥ ጉንፋኑ ሳያልፍ ጨጓራው ይነሣበታል፤ ቁስል ያለበት ከሆነም ሊደማ ይችላል። በጾም ሰዓት ትኩሳት የያዘው ሰው ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ እሱ በባዶ ሆድም ይወሰዳል።

ለግፊት ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨመር፣ በተለይም በትኩሳትና ባለመጠጣት ሰውነት ውኃ ባነሰው ጊዜ፣ ኩላሊት ድንገት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ነፍሰ ጡርም፣ በተለይ ከአምስተኛው ወር ወዲያ፣ ከሁለቱም ትራቅ። ለእነዚህ ሁሉ ምርጫው ፓራሲታሞል ብቻ ነው።

መርፌውን በተመለከተ፣ ሰው መርፌ ሲወጋ ቶሎ ተሻለኝ የሚለው ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ ወይም ዴክሳሜታዞን ስለተሰጠው ነው። ዴክሳሜታዞን ትኩሳቱን ያጠፋል፣ ምግብ ያስመኛል፣ ሰውየውን ቀና ያደርገዋል። በዚያው መጠን ሰውነት ቫይረሱን የሚዋጋበትን ኃይል ያዳክማል፣ የስኳር በሽተኛውን ስኳር ያንራል፣ ሌላ በሽታ ካለም ይሸፍናል። ለተራ ጉንፋን የሚሰጥ መርፌ የለም።

«አረንጓዴ አክታ ካየህ አሞክሲሲሊን ጀምር»

ይህኛው በሰው ዘንድ እጅግ ሥር የሰደደ እምነት ስለሆነ በቀላሉ አይነቀልም። አክታን አረንጓዴ የሚያደርገው ባክቴሪያ አይደለም። ሰውነት ሊዋጋ የላካቸው ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ያለው ኢንዛይም አለ፤ ሴሎቹ ሲበዙና ሲፈርሱ አክታው በዚያ ይቀለማል። በተራ ጉንፋን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ንፍጥ ወፍሮ ቢጫ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በሽታው መባባሱን አያሳይም።

«ግን እኮ ስወስደው ይሻለኛል» የሚል መልስ ይመጣል። መቼ ነው የተወሰደው? ብዙ ሰው ካፕሱሉን የሚገዛው ጠንቶበት፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ የሚለቀውም አራተኛውና አምስተኛው ቀን ላይ ነው። ያኔ ዶሮ ጮኸችና ነጋ ማለት ነው፤ ዶሮዋ ባትጮኽም ይነጋ ነበር። የተረፈው ተቅማጥ፣ ለአንዳንዱም የቆዳ ሽፍታ፣ ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ደግሞ ጉሮሮ የሚዘጋ አደጋ ነው። ሦስት ቀን ተውጦ የተቋረጠው አሞክሲሲሊን በአንጀትና በጉሮሮ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያለማምዳቸዋል፤ ነገ ያው ቤተሰብ የሳምባ ምች ቢይዘው መድኃኒቱ አልሠራ ይለዋል። በአገራችን አሞክሲሲሊን በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት መሆኑንም ጽሑፉ አላነሳም።

ጸሐፊው ፈጽሞ ተሳስተዋል አንልም። ከጉንፋን በኋላ ባክቴሪያ የሚከተልበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ግን ከቀለሙ ሌላ ነው፦ ተሽሎት የነበረ ሰው በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን እንደገና በትኩሳት ሲወድቅ፣ የፊት አጥንትና የጥርስ ሥር ሕመም ከ10 ቀን ሲያልፍ፣ ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ የልጅ ጆሮ ሲፈስ። ይህ የምርመራ ጉዳይ ነው።

«ለልጅ የአዋቂውን ግማሽ»

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ይኸኛው ነው። የልጅ መጠን የሚለካው በኪሎ ነው፤ ለፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየኪሎው፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳያልፍ። የአዋቂው ግማሽ ፍሬ 250 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን የስድስት ዓመት ልጅ በኪሎ 12.5 ሆኖ በአጋጣሚ ልክ ይመጣል። ለ10 ኪሎ ሕፃን ግን በኪሎ 25 ነው፤ ይህ ከልኩ በጣም ያልፋል። ለ35 ኪሎ ልጅ ደግሞ ያንሳል። «ግማሽ» የሚባል የልጅ መጠን የለም።

ሽሮፑም ወጥመድ አለው። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሁለት ጠርሙስ ፓራሲታሞል ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊ ግራም፣ ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 የያዘ። መልካቸውም ጣዕማቸውም ሊመሳሰል ይችላል። ለ10 ኪሎ ሕፃን ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ባለፈው በቀጭኑ የለመደች እናት ዘንድሮ ወፍራሙን ገዝታ ያንኑ 5 ብትሰጥ እጥፍ ሰጠች። የማንኪያው ነገርም አለ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሾርባው 15 ነው፤ በስሕተት የሾርባው ከተያዘ በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ነው። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ከጠፋ መርፌ የሌለበት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ይገዛ፤ ዋጋው ጥቂት ነው። ሽሮፑ በደንብ ይናጥ፤ ካልተናጠ ከላይ የሚቀዳው ይቀጥናል፣ ወደ መጨረሻው የሚቀዳው ይከብዳል። ሲሰጥም በጉንጭ በኩል በቀስታ ይፍሰስ።

እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ ክሎርፌኒራሚን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት ሽሮፕ ለሕፃን መስጠት ትንፋሹን ሊያዳክም ይችላል፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ያቃዠዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያነቃዋል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሳልና የጉንፋን ቅልቅል ሽሮፕ ጥቅሙ አልታየም፤ አይሰጥ። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ለማንም ትኩሳት ላለበት ልጅ አይሰጥም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ግን ገዳይ የሆነ በሽታ ያመጣል። ሽሮፕ ከተገኘበት ሁሉ አይገዛም የምንለውም በምክንያት ነው። በጋምቢያ ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ በገባባቸው የልጆች ሽሮፖች ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ሞተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ የአምራቹ ስምና የማለቂያ ቀኑ የማይነበብ ጠርሙስ ለልጅ አይገዛ።

ለሕፃን የታፈነ አፍንጫ የጨው ውኃ ይሻላል። ሩብ ሊትር ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ልክ በልክ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፤ ከመጥባቱ በፊት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ። የተረፈው በማግስቱ ይደፋ።

«የአበሻ መድኃኒት ጉዳት የለውም»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጦስኝ በትኩሱ ሲጠጣ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ውኃም ያስጠጣል፤ ለታመመ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማር ለሳል በእርግጥ ይጠቅማል፤ ከመተኛት በፊት ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከብዙ ሽሮፕ ይሻላል። የጎጃም ማር ያለበት ቤት ከዚህ በላይ የሳል መድኃኒት መፈለግ አያሻውም።

ግን «ለሁሉም ሰው» አይሆንም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር፣ በጣት ጫፍ ማቅመስ እንኳ ሳይቀር፣ ክልክል ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላው አንጀት ውስጥ በቅሎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ትንፋሹ ይደክማል። ዳማ ከሴ ጨምቆ በሕፃን አፍንጫ ማንጠብም ትን ስለሚል አደገኛ ነው። ባሕር ዛፍ አፍልቶ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን አዋቂውን ለጊዜው ያሳርፈዋል፤ ልጅ አጠገብ ግን የፈላው ድስት ከተገለበጠ ቃጠሎው ከጉንፋኑ በብዙ ይከፋል። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ የሚባለውን ደግሞ መድኃኒት እየዋጡ ማድረግ አይገባም፤ አረቄው ከፓራሲታሞል ጋር ጉበትን፣ ከክሎርፌኒራሚን ጋር ንቃትን ይነካል፣ በትኩሳት የደረቀውንም ሰውነት ይባስ ያደርቃል።

በመንገድ ላይ የጠቀሷቸውን ሁለት ነገሮች በአጭሩ እንለፋቸው። ቫይታሚን ሲ በሽታው ከጀመረ በኋላ ቢወሰድ የረባ ለውጥ አያመጣም፤ ብርቱካን የሚወድ ይብላ። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ያለበትን የአፍንጫ ጠብታ «እስኪከፈት ድረስ» መጠቀም ግን ስሕተት ነው። ከአምስት ቀን ካለፈ አፍንጫው ጠብታውን ይለምድና ባቆሙት ቁጥር መልሶ ይታፈናል፤ ሰው ጉንፋኑ ያልለቀቀው መስሎት ወራት ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ሦስት ቀን ተጠቅሞ ማቆም ይበቃል።

«በዚህ ወቅት ትኩሳት ሁሉ ጉንፋን ነው፤ አምስት ቀን ጠብቁ»

ይህን ምክር ምናልባት ወባ በማያውቀው ደጋ ለተቀመጠ ሰው በከፊል እንቀበለው ነበር። ጽሑፉ ግን የሚነበበው ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ ቆላው፣ የአባይ በረሃ፣ ባሕር ዳር ዙሪያና ጃዊም ጭምር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ የሚበረታበትም ሰዓት ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ትኩሳት የሁለቱም መጀመሪያ ነው። ደጋ የሚኖር ሰውም ለአጨዳ ወይም ለሥራ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ ያው ነው። ፓራሲታሞል የወባንም ትኩሳት ለጥቂት ሰዓት ያወርዳል፤ «ስለወረደልኝ ጉንፋን ነው» የሚለው አስተሳሰብ የሚያሳስተውም በዚህ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ በአምስት ቀን ውስጥ ልጅን ወይም ነፍሰ ጡርን ሊገድል ይችላል። ከወባ አገር ያለ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይመርመር። የቀበሌ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጣት ወግተው በአንድ ጠብታ ደም የሚሠሩት ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ወባ ባይሆንም አምስት ቀን የማይጠበቅላቸው ሰዎች አሉ። ከሦስት ወር በታች ያለ ጨቅላ ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ይታይ። ነፍሰ ጡሮች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ አስም፣ የልብ በሽታ፣ ስኳር ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ኢንፍሉዌንዛ ቢይዛቸው ሐኪም ሊያዝላቸው የሚችለው ኦሴልታሚቪር በደንብ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው፤ አምስት ቀን የጠበቀ ሰው ያ ዕድል አልፎታል። ለሌላው አዋቂም ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ መቃዠት ወይም እያስመለሰ የጠጣውን ውኃ መያዝ አለመቻል ከታየ ሌሊትም ቢሆን መነሣት ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ደግሞ ሽሮፕ መቀየሩን ትቶ የአክታ ምርመራ ለቲቢ ያድርግ።

የልጁን ትንፋሽ ቤት ውስጥ መቁጠር ይቻላል። ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጦ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ፣ በስልክ ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር፤ በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ተጠርቶ ካልነቃ፣ ቁጥሩም ሳይጠበቅ ታዝሎ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።